ሆን ብላ ትስት የነበረችው ልጅ

ባለፈው ሰኔ የልጄን የሒሳብ ፈተና ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስመለከት ዓይኔ ሠላሳ ስምንተኛው ጥያቄ ላይ ቀረ። ትክክለኛው ፊደል በእርሳስ ከተከበበ በኋላ በላጲስ ተፍቆ የተሳሳተው ተከቧል፤ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ሳደርገው የመጀመሪያው ክብ ጎድጎድ ብሎ ይታያል። ሠላሳ ዘጠነኛውና አርባኛውም እንደዚያው ናቸው። ምክንያቱን ስለማውቀው ልጄን አልጠየቅኋትም። እዚሁ አዳማ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አንደኛ የወጣ ተማሪ በወላጆች በዓል ዕለት ማይክሮፎን ይዞ ግቢውን በሞላው ሕዝብ ፊት ንግግር ማድረግ ነበረበት፤ እኔም ያንን ማይክሮፎን ከምይዝ ብዬ አውቄ ሦስተኛ ወጣሁ። የክፍል ኃላፊያችን ነገሩን ሳይመረምር «ልጁ ተዘናግቷል» ብሎ ለእናቴ ነገራት፤ እርሷም ክረምቱን ሙሉ ኳስ ከለከለችኝ።

አኒካ ሶረንስታም የተባለችውን ስዊድናዊት ጎልፍ ተጫዋች የወደድኋት በዚሁ የተነሣ ነው እንጂ ጎልፍ አዋቂ ሆኜ አይደለም። የጎልፍ ዱላ በእጄ ይዤ አላውቅም፤ በዱላ ኳስ መምታትን የማውቀው ከገና ጨዋታ ነው። ገና ግን ሆ እየተባለ በጋራ የሚጫወቱት ሲሆን፣ ጎልፍ ተጫዋቹ ዝም ባለ ሕዝብ መካከል ብቻውን ቆሞ የሚመታበት፣ ኳሷን በየጉድጓዱ ለማስገባት ጥቂት ምት የመታ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ነው። ለዓይነ አፋር ሰው ከዚህ የከፋ ስፖርት አይታየኝም።

አኒካ በ1970 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተወልዳ ያደገችው በስቶክሆልም አቅራቢያ ነው። መጀመሪያ ቴኒስ ትጫወት ነበር፤ ጎልፍ የጀመረችው በ12 ዓመቷ ከታናሽ እህቷ ከሻርሎታ ጋር አንድ የዱላ ስብስብ ተካፍላ ነው። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ዱላዎች ለአኒካ፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸው ለሻርሎታ ደረሱ። እንዲህ ያለው አካፈል በእኛም ቤት የታወቀ ነው፤ እኔና ወንድሜ አንዱን የቀለም እርሳስ ባኮ ስድስት ስድስት አድርገን እንማርበት ስለ ነበር፣ የእኔ ሥዕሎች ሁሉ ሰማይ አልነበራቸውም።

ልጅቷ ጎበዝ ነበረች፤ ችግሩ ያሸነፈ ሰው ንግግር ማድረጉ ላይ ነበር። ስለዚህ በታዳጊዎች ውድድር ማብቂያ ላይ፣ ማሸነፏ ቁርጥ ወደ መሆኑ ሲቃረብ፣ ኳሷን በቀላሉ ልትከታት ከምትችልበት ርቀት ላይ ቆማ ሆን ብላ ትስትና ሁለተኛ ትወጣ ነበር። አሠልጣኞቿ ነቁባት። ሆኖም አልተቆጧትም፤ ከዚያ ወዲህ አንደኛ የወጣውም ሁለተኛ የወጣውም ንግግር እንዲያደርግ ወሰኑ። አኒካም ከሕዝብ ፊት መቆሙ ካልቀረ ማሸነፉ ይሻላል ብላ አውቃ መሳቷን ተወች። ይህን በሰማሁ ጊዜ የክፍል ኃላፊያችን ትዝ ብሎኝ ትንሽ ሳልናደድ አልቀረሁም።

ቀጥሎ የሆነው ብዙ ጊዜ የተነገረ ስለሆነ ላሳጥረው። አሜሪካ ሄዳ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተማረች፤ በ1991 የዩኒቨርሲቲዎቹን ሻምፒዮና በግል አሸነፈች፤ በ1992 ወደ ፕሮፌሽናል ውድድር ገባች። በ1995 የአሜሪካን የሴቶች ኦፕን ስታሸንፍ በአሜሪካው የሴቶች ፕሮፌሽናል ጉብኝት (ኤልፒጂኤ በሚባለው፣ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ በሚያደርጉት የውድድር ዙር) ያገኘችው የመጀመሪያ ድል ነበር፤ በዓመቱም ደገመችው።

መጋቢት 2001 በፊኒክስ ከተማ ያደረገችውን ግን ዘልዬ አላልፍም። የስዊድን ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ የነበረችው ፒያ ኒልሶን ለተጫዋቾቿ አንድ እንግዳ ሒሳብ ታስተምር ነበር፦ አሥራ ስምንቱ ጉድጓዶች በ72 ምት ይጠናቀቁ ዘንድ በተመደበ ሜዳ፣ ከእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ አንድ ምት ቢቀነስ 54 ይሆናል፤ እያንዳንዱን ለየብቻው የቻለ ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን የማይችልበት ምክንያት የለም። አኒካ በዚያ ቀን የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጉድጓዶች በተከታታይ ከተመደበላቸው በአንድ ባነሰ ምት ጨረሰች፤ በጠቅላላው አሥራ ሦስቱን እንዲሁ አድርጋ፣ በአንዱም ሳትከስር፣ በ59 ምት ወጣች። በዚያ የሴቶች ጉብኝት ታሪክ 59 ያስመዘገበች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ያልተሳካላት ውድድር ነው። በግንቦት 2003 በቴክሳስ፣ ፎርት ወርዝ፣ ኮሎኒያል በተባለው የወንዶች ውድድር እንድትሳተፍ ተጋበዘች። በወንዶቹ ጉብኝት ሴት ስትጫወት ከ1945 ወዲህ፣ ከቤብ ዛሃሪያስ በኋላ፣ የመጀመሪያዋ መሆኗ ነበር። መግባቷን በይፋ የተቃወሙ ወንድ ተጫዋቾች ነበሩ፤ ካሜራውና ተመልካቹ ደግሞ ሁሉም እርሷን ይከተል ነበር። ጨዋታዋን የጀመረችው ከአሥረኛው ጉድጓድ ነው። የመጀመሪያ ኳሷን መትታ ሣሩ መሐል ላይ በቀጥታ ሲያርፍላት፣ ልቧን ይዛ ጉልበቷ የከዳት በማስመሰል ተንገዳገደች፤ ሕዝቡም ሳቀ። ማይክሮፎን ፈርታ ኳስ ትስት የነበረችው ልጅ ፍርሃቷን ራሱን ለሕዝቡ ጨዋታ አድርጋ አቀረበችለት። ይህን ከየትኛውም ዋንጫዋ አስበልጬ አየዋለሁ።

ያን ቀን 71፣ በማግስቱ 74 መትታ በአራት ምት ብልጫ ከማጣሪያው ወደቀች፤ ስትወጣም አለቀሰች። ነገር ግን ወደ ሴቶቹ ውድድር ተመልሳ በዚያው ዓመት የኤልፒጂኤን ሻምፒዮናና የብሪታንያን የሴቶች ኦፕን አሸነፈች። በ2008 ከመደበኛ ውድድር ስትሰናበት በዚያ ጉብኝት 72 ድሎች ነበሯት፤ ከእነዚህም አሥሩ በትልልቆቹ ውድድሮች የተገኙ ናቸው፤ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የተባለችውም ስምንት ጊዜ ነው። በ2021፣ በሃምሳ ዓመቷ፣ የሁለት ልጆች እናት ሆና ተመልሳ የአሜሪካን የአንጋፋ ሴቶች ኦፕን በስምንት ምት ልዩነት ወሰደች። በዚያን ጊዜ ዋንጫውን ይዛ መናገር ምን ያህል ቀልሏት ይሆን እያልሁ አስባለሁ።

የፈተናው ወረቀት በደረሰን ሰሞን፣ መብራት ጠፍቶ በሻማ በተቀመጥንበት ምሽት፣ ታሪኩን ለልጄ አጫወትኋት። ስለ ላጲሱ አንድም ቃል አላነሣሁም። ሁለቱ እህትማማቾች ዱላ የተካፈሉበት ላይ ሳቀች፤ ሆን ብላ የሳተችበት ላይ ስደርስ ግን ጸጥ ብላ ከሻማው የወረደውን ሰም በጥፍሯ መፋቅ ጀመረች። አሠልጣኞቹ ሁለተኛ የወጣችውም እንድትናገር መወሰናቸውን ስነግራት ቀና አለች።

«አባዬ፣» አለችኝ፣ «ታዲያ ሦስተኛ አትወጣም ነበር?»