የእማማ ብርጭቆዎችና የኔ ቤዝ

ማክሰኞ ማታ፣ አራት ኪሎ

በምሰራው ሙዚቃ ውስጥ ሦስት ሳምንት ያንገላታኝ ቤዝ፣ ያ የታችኛው ወፍራም ድምፅ፣ ዛሬ ቦታውን ያዘ። ሳልረሳው ልጻፈው።

ሙዚቃው በትዝታ ቅኝት ነው። መነሻ ኖታው ጂ ስለሆነ ቤዙ ታች ወርዶ 49 ሄርዝ ላይ (በሰከንድ 49 ንዝረት) ያርፋል። የሰራሁት በንጹህ ሳይን፣ ማለትም ሌላ ድምፅ ባልተቀላቀለበት ነጠላ ሞገድ ነው። ለስላሳ፣ ወፍራም፣ ምንም ሻካራ ነገር የሌለው። በሄድፎን ስሰማው ደስ ይላል። በስፒከር ስከፍተው ግን የለም። ጨመርኩ። አሁንም የለም። ደግሜ ጨመርኩ።

አንድ ማታ አከራዬ እማማ በሩን አንኳኩ። «አንቺ ልጅ፣ ምንድነው የምታደርጊው? ብርጭቆዎቼ እኮ ተንጫጩ!» ይቅርታ ጠይቄ፣ ሙዚቃውን እንደተከፈተ ትቼ አብሬያቸው ገባሁ። የእሳቸውን ሳሎን ከኔ ክፍል የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ ቡፌያቸው እሱን ተጠግቶ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ። የሻይ ብርጭቆዎቹ የሚንጫጩት በአንድ ኖታ ብቻ ነው። ጂ ሲመጣ እርስ በርስ ይነካካሉ። ዲ ሲመጣ ዝም ይላሉ። ጂ ሲመለስ እንደገና ይጀምራሉ።

ተመልሼ ክፍሌን በሜትር ለካሁት። ርዝመቱ 3.4 ሜትር። የ50 ሄርዝ ሞገድ ደግሞ 7 ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ ልክ ክፍሌን ያክላል። እንዲህ ሲገጥም ድምፁ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ በራሱ ላይ ይደረባል። ግድግዳው ጋ ይጎላል፣ መሃል ላይ ይጠፋል። የኔ ወንበር ያለው ደግሞ መሃል ላይ ነው። እኔ ያጣሁትን ቤዝ እማማ ሲሰሙት ከርመዋል።

ጠረጴዛውን ገፋ አድርጌ ጆሮዬ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ 1.3 ሜትር ያህል እንዲርቅ አደረግኩ። ቤዙ ወዲያው መጣ። እንዲያውም በዛ። ከጨመርኩት ላይ 9 ዴሲቤል ቀነስኩ።

ያለቀ መስሎኝ ለጓደኛዬ በቴሌግራም ላክሁለት። ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ በታክሲ እየሄደ በስልኩ ስፒከር ሰማው። «ቆንጆ ነው፣ ግን ቤዙ የታለ?» አለኝ። በጣም ከፋኝ። ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። ያቺ ትንሽ ስፒከር 49 ሄርዝ ማውጣት አትችልም። አብዛኛው ሰው ሙዚቃ የሚሰማው ደግሞ በእሷው ነው።

መልሱ የመጣልኝ ባለፈው እሁድ ነው። እማማ ሬዲዮ ከፍተዋል፤ ሁዳዴ ስለሆነ በገና ነው። ሬዲዮዋ ከመዳፍ ብዙም አትበልጥም። የበገናው ድምፅ ግን ወፍራምነቱን እንደያዘ ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። እንዴት ሊሆን ቻለ? ብድግ ብዬ ቪዲዮ ከፈትኩና በገናውን አቅርቤ አየሁት። አሥሩም ጅማቶች ታች በርኩማው ላይ ሲያርፉ በመካከል ቁራጭ ቆዳ ይገባል። እንዝራ ይባላል። ጅማቱ በተመታ ቁጥር ቆዳውን እየነካካ ይነዝራል። ያ ዝዝዝ የሚለው ድምፅ ከወፍራሙ ኖታ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ይወልዳል። ሃርሞኒክስ የምንላቸው ናቸው። ለ49 ሄርዝ 98፣ 147፣ 196 እያሉ ይወጣሉ። ጆሯችን እነዚህን ከሰማ የጎደለውን 49 ራሱ ይሞላዋል። ሬዲዮዋ ታችኛውን ድምፅ ባታወጣም ሰው የሚሰማው ወፍራም ኖታ ነው።

የኔ ሳይን ግን ብቻውን ነው። በላዩ ምንም የለም። ስልኩ እሱን ሲቆርጠው ለጆሮ የሚቀር ነገር አይኖርም። ስንት ቀን ሙሉ ድምፁን ስጨምር የጎደለው ነዛሪው ነበር።

ስለዚህ ቤዙን ሁለት አደረግኩት። አንደኛው ያው ንጹህ ሳይን ነው፤ ሞኖ ሆኖ፣ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ታች ይቀመጣል። (ኮረስ የሚባለውን ድምፅ የሚያባዛ ኢፌክት ለጥፌበት ነበር፤ አነሳሁት። ግራና ቀኙ ሲደመሩ እርስ በርስ እየተጣፉ ቤዙን ያሳሱታል።) ሁለተኛው ላይ ሳቹሬሽን ጨመርኩ፤ ድምፁን አሻክሮ ሃርሞኒክስ የሚወልድለት እሱ ነው። ከዚያ ከ90 ሄርዝ በታች ያለውን በኢኪው፣ በድምፅ ማስተካከያው፣ ቆረጥኩት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ከቆረጡ ሳይኑ ራሱ ይጠፋል፤ ሳቹሬሽኑ የሚሰራበት ነገር አያገኝም። ይህን ሁለተኛውን ቀስ እያልኩ ከታች ወደ ላይ ከፈትኩት። ለብቻው ሲሰማ አስቀያሚ ነው። ከሳይኑ ጋር ሲሆን ግን ቤዙ አካል አገኘ።

ማታ ስልኬን ይዤ ወደ ፒያሳ በእግሬ ወጣሁ። መንገዱ ዳር ቆሜ፣ መኪና እያለፈ፣ በስልኩ ስፒከር ከፈትኩት። አለ! ጂውም ዲውም በደንብ ይለያሉ።

ኪኩ፣ የከበሮው ወፍራም ምት፣ ገና ነው። ከጂው ጋር ሲገጥም ይጋፋሉ፤ ነገ በሳይድቼይን፣ ኪኩ ሲመታ ቤዙን ለአፍታ ዝቅ በማድረግ፣ ቦታ አስለቅቅለታለሁ።

ተመልሼ የእማማን ቡፌ ጠጋ ብዬ አዳመጥኩ። ብርጭቆዎቹ ዝም ብለዋል። ሙዚቃውን ላሰማቸው በጣም ፈልጌ ነበር። ግን ጾም ነው፣ ዘፈን አይሰሙም። ለፋሲካ አሰማቸዋለሁ።