የቅሬያችንን መዝገብ ከጽሑፍ ወደ ቁጥር እንዴት ቀየርኩት

ደሴ ውስጥ በሰፈራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበት ቅሬ (እድር) አለን። ደብተሩን የሰፈሩ ልጆች ኤክሴል ላይ አስገብተውት ስለነበር፣ የእኔ ድርሻ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንብቤ የየአባሉን መዋጮና ውዝፍ ማስላት ነበር።

እንዲህ ያለ ፋይል ወደ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ ወደተለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ተቀይሮ ሲነበብ፣ በውስጡ ያለው ሁሉ ለፓይተን ጽሑፍ ነው። «50» እና «50» ሲደመሩ «5050» ይሆናሉ። በቅደም ተከተል ሲደረደሩም «100» ከ«50» ይቀድማል፤ የሚወዳደሩት ከግራ ጀምሮ ምልክት በምልክት ነውና። ወደ ሙሉ ቁጥር የሚቀይራቸው ኢንት የተባለው ፋንክሽን ነው። ኢንት ከፊትና ከኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ራሱ ይጥላል፤ «1,250»፣ «50.00» ወይም «50 ብር» ሲሰጡት ግን ቫልዩኤረር የሚል የስህተት መልእክት አውጥቶ ይቆማል። ኮማውንና «ብር» የሚለውን ማንሳት የአንድ መስመር ሥራ ነው። ሳንቲም ያለበትን ግን አሥርዮሽን በግምት በሚይዘው በፍሎት በኩል አላሳልፍም፤ 19.99ን በፍሎት በ100 አባዝተው በኢንት ቢቆርጡት 1998 ይወጣል። አንዲት ሳንቲም ጠፋች ማለት ነው፤ ለለቅሶ ቤት የተዋጣ ገንዘብ ላይ ደግሞ ይህን አልቀበልም። ስለዚህ አሥርዮሹን እንደተጻፈ በሚይዘው በዴሲማል ቀይሬ ሁሉንም በሳንቲም አስቀመጥኩ። ስልክ ቁጥሩን በጽሑፍነቱ ተውኩት፤ አይደመርም፣ ኢንት ደግሞ የፊተኛውን ዜሮ ይበላዋል።

ብዙ ያሰራኝ የምዝገባው ዓመት ነው። የቀድሞው ጸሐፊ ዓመቱን የጻፉት በግዕዝ ቁጥር ነበር፤ ልጆቹም እንዳለ ገልብጠውታል፦ ፲፱፻፹፬። የዓለም ፊደላትን ለኮምፒውተር የሚመዘግበው ዩኒኮድ የተባለው ስታንዳርድ ፊደላችንን ከነቁጥሮቹ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትሙ ስላካተተ፣ ምልክቶቹ ፋይሉ ውስጥ በደህና ይቀመጣሉ። ኢንት ግን አይቀበላቸውም። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው ከኢንት በፊት፣ ምልክቱ አሃዝ መሆኑን በሚጠይቀው በኢዝዲጂት ይፈትሻል። ኢዝዲጂት ለ፭ «አዎ» ይላል፣ ለ፶ «አይደለም» ይላል፤ ኢንት ግን ሁለቱንም አይቀበልም። ከኢንት ጋር የሚስማማው መፈተሻ ኢዝዴሲማል ነው።

ኢንት እነዚህን አለመቀበሉ ትክክል ነው እላለሁ። የዐረብኛውን ٥ ይቀበላል፤ እሱ እንደ 5 ዋጋው በቦታው የሚወሰን ነው። የግዕዙ ግን ዜሮ የለውም፣ ፲ የትም ቢቀመጥ አሥር ነው። እያንዳንዱን ምልክት በአቻው ብቻ ተክቶ የሚቀጥል ፕሮግራም ፲፱ን «109» ያደርገዋል። ሁሉን የሚደምር ደግሞ ፲፱፻፹፬ን 203 ያደርገዋል።

እኔ የሠራሁት እንዲህ ነው። የየምልክቱን ዋጋ ዩኒኮድዴታ ከተባለው ሞጁል ኑመሪክ በሚለው ፋንክሽን ወሰድኩ፤ ለ፹ 80.0፣ ለ፻ 100.0 ይመልሳል። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ እያነበብኩ አሃዱንና አሥሩን እደምራለሁ፤ ፻ ሲመጣ እስከዚያ የተጠራቀመውን በ100 አባዝቼ ወደ ድምሩ አስገባና እንደገና ከባዶ እጀምራለሁ። ፲ እና ፱ 19፣ በ፻ 1900፣ ከዚያ 80 እና 4፤ 1984 ዓ.ም. ሆነ። ፻ ከፊቱ ምንም ከሌለው እንደ አንድ መቶ ይቆጠራል። ፼ (አሥር ሺህ) በመዝገባችን ስለሌለ ፕሮግራሙ ካገኘው ስህተት ብሎ ይመልሰዋል።

ያልተቀየረውን በዜሮ መተካት ግን ፈጽሞ አልፈለግሁም። ዜሮ «አልከፈለም» ማለት ነው፤ ያልተነበበ ጽሑፍ ደግሞ «አላወቅንም» ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ የከፈለ ሰው ባለዕዳ ይሆናል። እምቢ ያሉትን መስመሮች ከነተራ ቁጥራቸው ለብቻ አውጥቼ፣ የመጀመሪያውን ደብተር ይዤ ጸሐፊው ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይህቺን ያንብቡልኝ።»

መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስኮቱ አስጠጓት። «ይኼ ፹፬ ነው እንጂ ፹፩ አይደለም። ልጆቹ እግሩን አላዩትም» አሉኝ። ይህኛው እንኳ እምቢ ያለ መስመር አልነበረም፤ ፹፩ ያለ ችግር ተቀይሮ አልፎ ነበር፣ እሳቸው ናቸው ከጎኑ ያገኙት። ከዚያ ወዲያ ከቁጥሩ አጠገብ የመጀመሪያው ጽሑፍ የሚቀመጥበት ዓምድ ጨመርኩ፤ ጋሼም ሁሉንም ዓመት ከደብተሩ ጋር አንድ በአንድ እያስተያዩ ነው።