ብሬከሩ ሲወርድ

ደብረ ማርቆስ ግቢዬ ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ማከራየት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አጀማመሩ ቀላል ነበር። ቀለም ቀባሁ፣ ቁልፍ ቀየርኩ፣ ደላላው ተከራይ አመጣ፣ በምስክር ፊት ውል ተፈራረምን። አከራይ ሆንኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ስለ መብራቱ ግን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

ከቤቴ ቆጣሪ 1.5 ካሬ (ሚሊ ሜትር) ቀጭን ገመድ ስቤ ወደ ሰርቪሶቹ አስገባሁ። ለአምፖል የሚሆን ገመድ ነው። ተከራይዋ የፊዚክስ መምህርት ናት፤ ብዙም ሳትቆይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛች። ቅዳሜ ቅዳሜ ስትጋግር ብሬከሩ ይወርዳል። «ጋሼ፣ ደግሞ ጠፋ» ትለኛለች። ሄጄ እመልሳለሁ። በመጨረሻ ሰለቸኝና ትልቅ ብሬከር ገዝቼ ቀየርኩት። ከዚያ ወዲያ አልወረደም። ምን ያህል በራሴ እንደረካሁ ሳስበው አሁንም ያናድደኛል።

ብሬከር የሚወርደው ገመዱ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ እንዳይግል መብራቱን ለመቁረጥ ነው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ካውያም ማሞቂያም ይሰካል። ገመዱ «በቃኝ» ሲል እኔ አፉን ዘጋሁበት።

አንድ ቅዳሜ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ስሮጥ ብደርስ ሶኬቱ ቀልጦ ስፒናው ተጣብቆበታል፤ እሳቱ የማዳበሪያ ጆንያ ኮርኒሱን ይዟል። ባልዲ ውሃ አነሳሁ። «ጋሼ፣ ውሃ እንዳያፈሱ!» ብላ ጮኸችብኝ። ሮጣ ዋናውን ማጥፊያ አወረደችና ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት ቀድዳ ጣለችው። እሷ ባትኖር ኖሮ... ተዉት።

ሰኞ መብራት ኃይል ቢሮ ሄጄ ጮህኩ። ሰውየው ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል «ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የእርስዎ ነው» አለኝ። አነጋገሩ እስካሁን ይከነክነኛል። ግን ልክ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ቤቱን ለኑሮ በሚመች ሁኔታ መጠበቅ የአከራይ ነው ይላል። አላነበብኩትም ነበር።

ብዙዎች «ውሉ ላይ ምጣድ ክልክል ነው በልበት» ይሉኛል። አትስሟቸው። ተከራይ መብላት አለበት፤ ብትከለክሉት ወይ ተደብቆ ይጋግራል ወይ ከሰል ያያይዛል። በማርቆስ ብርድ ከሰል አስገብቶ በር የሚዘጋ ሰው ደግሞ ከከሰሉ የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ሳይታወቀው ሊገድለው ይችላል። እኔ ለምጣድ ብቻ 4 ካሬ ገመድ፣ ለብቻው ብሬከርና የመሬት መስመር (አርዝ) አስገባሁ። ከመስኮቱ በላይም አየር ማስገቢያ አስከፈትኩ። ኤሌክትሪሺያኑ ኪሴን አራገፈው፤ ግን ስለ ዋጋው አላማርርም።

ስለ ውል ደግሞ አንዱ ባለሙያ «የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016፣ ገና እኛ ጋ አልደረሰም፣ ጠብቁ» ብሎኝ ነበር። አልጠበቅኩም። አዋጁ እንደሚለው የሁለት ዓመት የጽሑፍ ውል አደረግን፤ ኪራዩም በባንክ ይገባል።

የቀለጠው ሶኬት መሳቢያዬ ውስጥ አለ። መምህርቷ የዚያን ወር ኪራይ አላስገባችም። እኔም አልጠየቅኋትም።