መፍቻና የመሬት መንቀጥቀጥ

ቅዳሜ ዕለት ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር አንድ እናት ቤት ቦይለር ልጠግን ሄድኩ። «ሙቅ ውሃው ጠብ ጠብ ነው የሚለው» አሉኝ። የቧንቧውን ጫፍ ፈትቼ ሳየው እርሳስ እንኳ አያሳልፍም። ማንቆርቆሪያ ሆድ ላይ እንደሚጋገረው ያለ ነጭ ቅርፊት ደፍኖታል። በመፍቻው ጀርባ ሦስት አራቴ ቀጠቀጥኩት።

«ኧረ ልጄ፣ ሰበርከው!»

መጀመሪያ ድፍርስ ወረደ። ከዚያ ቅርፊቱ እየተንኮታኮተ ወጣ፣ ሙቁ ውሃም ዧ አለ።

እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ መንቀጥቀጡ በበረታበት ሰሞን፣ አፋር ውስጥ ዶፋን ተራራ አጠገብ መሬት ተሰንጥቆ እንፋሎት ሲተፋ በቪዲዮ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፍልውሃ የማላነበው የለም። በተለይ ስለ ባሕር ወለሉ። የኛ ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ የባሕር ወለሉ ፍልውሃዎች ግን ብዙዎቹ 2,500 ሜትር ያህል ታች ናቸው። ቀዝቃዛ የባሕር ውሃ በስንጥቅ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ትኩስ ዓለት ያገኛል፣ ከ350 ዲግሪ በላይ ግሎ ይመለሳል። ከላይ የተጫነው ውሃ ስለሚከብደው አይፈላም። ሲወጣ ግን የተሸከመው ማዕድን እየረጋ መንገዱን ይደፍነዋል። ያው የኔ ቧንቧ።

የሚገርመኝ እ.ኤ.አ. በ1995 ምሥራቅ ፓሲፊክ ላይ የሆነው ነው። አንዱ ፍልውሃ አፍ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ተተክሎ ነበር። መጋቢት ላይ ከሥሩ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ዓለቱ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። ሰው ቢቆምበት እንኳ የማይሰማው ትንንሽ ንዝረት። መለኪያው ንቅንቅ አላለም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ምንም። በአራተኛው ቀን ሙቀቱ መጨመር ጀመረ፣ በ7 ዲግሪ ያህል ወጣ። አዲሱ ስንጥቅ ውሃውን ካልተነካ ትኩስ ዓለት ጋር አገናኝቶት ነበር። አራቱ ቀን የመንገዱ ነው። እኔ ብሆን በሁለተኛው ቀን ዕቃዬን ሰብስቤ እሄድ ነበር።

ሁሌ ግን እንዲህ አይቀናም። መንቀጥቀጥ አንዱን ስንጥቅ ከፍቶ ሌላውን ይዘጋል። መፍቻዬም ስንት ቧንቧ አፍርሷል፣ አልዋሽም።

ቡና ሲፈላ ይህን ሁሉ ለእናታችን አወራኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እዚያ ዓሣ አለ?» አሉ።

«አለ እንጂ። ትሉም ሸርጣኑም ከአፉ ትንሽ ራቅ ብሎ ይኖራል። ዙሪያው እኮ በረዶ ነው፣ 2 ዲግሪ።»

«የጣናው ዓሣ፣ ቀረሶ ቢሆን ተቀቅሎ ነበር» ብለው ሁለተኛውን ስኒ ቀዱልኝ።