የመጀመሪያው ድርቆሼ

ትናንት ማታ ከሁለተኛው ዙር ድርቆሽ አንዱን እስር ፈታሁና እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩት። ቀዝቃዛ ነው። ሽታውም ያ በደንብ የደረቀ ሳር ሽታ ነው። ደስ አለኝ። እዚያው እስሩ ላይ ቁጭ ብዬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ፤ የመጀመሪያው ዙር እንዲህ አልነበረማ።

መሣሪያ መምረጥ ስጀምር ቀልቤን የሳበው ማሰሪያ ማሽኑ ነበር። የተበተነ ሳር በአንድ በኩል ገብቶ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ በሲባጎ ታስሮ በሌላው በኩል ሲወጣ ማየት ደስ ይላል። ለወራት ሳነብና ስጠያይቅ የነበረው ስለ እሱ ብቻ ነው። ማጨጃውን ለመጨረሻ ተውኩት። ሳሩን የሚገለብጠውንና የሚያናፍሰውን ማሽን ደግሞ ከነጭራሹ ዝርዝሬ ውስጥ አላስገባሁትም፤ ፀሐይ እያለች ምን ይሠራል ብዬ ነበር።

ማጨጃ ላይ የወሰነልኝ ትራክተሬ ነው። ትንሽ ናት፣ 30 የፈረስ ጉልበት። እየተሽከረከሩ የሚያጭዱት ባለ ዲስክ ማጨጃዎች ፈጣን ናቸው፣ የተኛ ሳር ቢገጥማቸው እንኳ አይታነቁም። ግን ጉልበት ይፈልጋሉ፣ ክብደታቸውም ለትንሽ ትራክተር አይመችም። እኔ እንደ መቀስ ወዲያና ወዲህ እያለ የሚቆርጠውን፣ ባለ ረጅም ዘንግ ማጨጃ ያዝኩ። ቀላል ነው፣ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም፣ አቆራረጡም ንጹህ ነው። ችግሩ ዝናብና ንፋስ ያስተኛው ሳር ውስጥ ሲገባ ይታነቃል፣ ድንጋይ ካገኘ ደግሞ ጥርሱ ይሰበራል። እኔም በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጥርስ ሰበርኩ። አሁን ከማጨዴ በፊት ማሳውን በእግሬ እዞራለሁ፣ ድንጋይ እለቅማለሁ፣ ዘንጉንም ከመሬት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደርገዋለሁ። አጭር የታጨደ ሳር ቶሎ አያገግምም፤ ከፍ ብሎ የቀረው ግንድ ደግሞ የታጨደውን ከመሬት አንስቶ ስለሚይዘው ከሥሩ ንፋስ ይገባዋል።

ማሰሪያውን ያገለገለ ነው ያገኘሁት። ሲባጎውን በየቀዳዳው አሳልፎ ቋጠሮ ማሠሪያው ድረስ ማድረስ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን አንድ ብሎን ነው። ማሽኑ ከአቅሙ በላይ ሳር ሲጎርስ ሆን ተብሎ ቀድሞ እንዲሰበር የተሠራ ብሎን አለው። ሦስት ጊዜ ሲሰበርብኝ ተናደድኩና ጠንከር ያለ ልተካበት ነበር። ጎረቤቴ ጋሼ ደርሰው አስቆሙኝ። "ልጄ፣ እሱ ካልተሰበረ የሚሰበረው ውስጡ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ብሎኑ ርካሽ ነው፣ የሚጠብቀው ግን የማሽኑን ሆድ ነው። የሚሰበረውም ሳሩን አብዝቼ እያጎረስኩት ስለሆነ ቀስ ብዬ መንዳት ነበረብኝ።

ሌላው እንዲህ ነው፦ ከትራክተሩ ወደ ማሽኑ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። የልብስ ጫፍ ከያዘ ሰውየው ለመጮህ እንኳ ጊዜ የለውም። መሸፈኛው ከተሰነጠቀ ሥራ አልጀምርም። ማሽን ሲታነቅ ደግሞ ሞተሩን አጠፋለሁ፣ ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፣ የሚሽከረከረው ሁሉ እስኪቆም እጠብቃለሁ። "አንዴ ብቻ በእጄ ላውጣው" የሚለው ሐሳብ ሲመጣብኝ በጣም እፈራዋለሁ።

ወደ መጀመሪያው ዙር ልመለስ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ስላየሁ ማሳውን በሙሉ በአንድ ቀን አጨድኩት። አዲስ የታጨደ ሳር ከክብደቱ 75 ወይም 80 በመቶው ውሃ ነው፤ ለትንንሽ እስር ደግሞ ወደ 18 በመቶና ከዚያ በታች መውረድ አለበት። ያን ሁሉ ውሃ በመንሽ አንዴ ገልብጬ አሸንፈዋለሁ ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከላይ ሲነካ ይንኮሻኮሻል፣ ደረቀ አልኩ፣ ሰብስቤ አሰርኩት። ከሥር ያለው ገና እርጥብ ነበር። መጋዘን በገባ በሦስተኛው ቀን እጄን ወደ አንዱ እስር ሳስገባ ያቃጥላል። ደነገጥኩ። እርጥብ ድርቆሽ ከውስጥ እየሞቀ ሄዶ ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ራሱን በራሱ እስከማቀጣጠል ይደርሳል። ሌሊቱን አንድ በአንድ ወደ ሜዳ አወጣኋቸው፣ አራርቄ ደረደርኳቸው። እሳት አልተነሳም። ግን አብዛኛው ሻገተ፤ የሻገተ ድርቆሽ ከብቱን ያሳምማል፣ አቧራው ለሰውም ሳንባ መጥፎ ነው። ያንን ሁሉ ሳር ስጥል ሆዴ ተላወሰ።

ከዚያ በኋላ ነው ጋሼ ማሳው ላይ ይዘውኝ ወርደው ያሳዩኝ። ከላይ አይደለም፣ ከክምሩ ሥር አንድ እፍኝ አወጡ። በሁለት እጃቸው እንደ ገመድ ጠመዘዙት። ሦስት አራቴ ሲጠመዘዝ ግንዱ ቀጭ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል፤ ከተለጠጠ አልደረሰም። ቀጥለው ወፍራሙን ግንድ መርጠው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፋቁት። ልጣጩ ተላጦ ተነሳ፣ ከሥሩ ውሃ አበራ። "ይኸው፣ ነገ ነው" አሉ። እኔ ደግሞ ለማረጋገጥ የጨው ዘዴውን እጨምርበታለሁ፦ ሳሩን ቆራርጬ ደረቅ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ እከታለሁ፣ ትንሽ ደረቅ ጨው እነሰንስበታለሁ፣ ከድኜ ለአንድ ደቂቃ እንጠዋለሁ። ጨው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ማሰሪያውን አልነካም።

ለሁለተኛው ዙር አንድ ማሽን ጨመርኩ፣ ያ ከዝርዝሬ ያስቀረሁትን መገልበጫ። ሳሩን አንስቶ በአየር ላይ ይበትነዋል፣ በቀን ሁለቴ ብቻ ዞርኩበት። መሰብሰቢያው ጣት ጣት ያለው ጎማ ነው፣ መሬት እየነካ ራሱ ይሽከረከራል፣ ከትራክተሩ ኃይል አይፈልግም። አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ያለበትን ጥግ ግን ጠዋት ጤዛው ጨርሶ ሳይጠፋ ነው የሰበሰብኩት፤ ፀሐይ ካከረረው ቅጠሉ ይረግፋል፣ የሚቀረው ግንድ ብቻ ነው፣ ምግቡ ያለው ደግሞ ቅጠሉ ላይ ነው። ያጨድኩትም የማሳውን ሲሶ ብቻ ነው፣ በሦስት ቀን ላደርቀው የምችለውን ያህል።

የግራው ቋጠሮ አሁንም ከሃያ እስር አንዱን ያመልጠዋል። ሲባጎው ላልቶ ይመስለኛል፣ ነገ ጤዛው እስኪተን ድረስ ፈትቼ አየዋለሁ።