የሕፃናት አቀባበልን የምትገመግሙ፣ ሰዓቱን ከበሩ ጀምሩ

አዲስ አበባ ዳርቻ ባለ አንድ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። እኛ ጋ የታመመ ልጅ መጀመሪያ ካርድ ይወጣለት ነበር። አሁን ቀድሞ ትሪያጅ (የሕመሙ አጣዳፊነት የሚለይበት) ይታያል፤ ካርዱ በኋላ ይደርሳል። አሠራሩ የዓለም ጤና ድርጅት ነው። ልጆቹን በሦስት ይለያል፦ ድንገተኛ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው፣ ተራ መጠበቅ የሚችል። ለውጥ አምጥቷል ወይ የሚለውን እንድገመግም ተመደብኩ።

ቅጹም ፈቃዱም ቻርት (የሕክምና መዝገብ) ማውጣቱም አላስቸገረኝም። ያንገበገበኝ ሰዓቱ ነው።

የተሰጠኝ መመሪያ የጥበቃው ጊዜ ከትሪያጅ ምዝገባ ይቆጠር ይላል። እንደዚያ ከተቆጠረ ሁሉም ልጅ ቶሎ ታይቷል። እናትየው ግን ገና በር ላይ ናት። ዘበኛው ይፈትሻታል፣ «ካርድ አለሽ?» ይላታል፣ ወደ ካርድ ክፍል ይልካታል። ትንፋሽ ያጠረው ልጅ በጀርባዋ ታዝሎ ትሰለፋለች። ዘበኛው ምን ያድርግ? አሠራሩ መቀየሩን የነገረው የለም። ስልጠናው ለባለሙያ ብቻ ነበር። የድርጅቱ ማሠልጠኛ መጽሐፍ ግን ዘበኞችና የካርድ ሠራተኞችም የድንገተኛ ምልክቶችን ይወቁ ይላል። ያንን ገጽ ማን እንደዘለለው እስከ ዛሬ የሚነግረኝ አጣሁ።

በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ሰዓት ይመዘግባል፤ ነርሶቹ ቻርት ላይ በእኛ ሰዓት ይጽፋሉ። ልጁ 9፡10 ደረሰ፣ 3፡25 ታከመ። ሳይመጣ ታከመ ማለት ነው? አለቃዬን ብጠይቅ «አማካዩን አውጪና ላኪው፤ ሪፖርቱ ይፈለጋል» አለኝ። አልላክሁም። የተዘበራረቀ ሰዓት አማካይ የለውም።

ለዘበኞቹ ቁራጭ ወረቀት አደልኩ። ልጅ ሲገባ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ይጽፋሉ፤ እናትየው ለትሪያጅ ነርሷ ትሰጣለች። የሚንቀጠቀጥ፣ ራሱን የሳተ፣ መተንፈስ ያቃተው ልጅ ከመጣ ሳይፈትሹ እንዲያስገቡም አሳየኋቸው። ረጅሙ ጥበቃ ከትሪያጅ በፊት መሆኑ የታወቀው በእነዚያ ወረቀቶች ነው። በሥራዬ እኮራለሁ፤ በዘበኞቹም ጭምር።

እንግዲህ እኔን ከሰማችሁ፣ ቻርት ብቻ ይበቃል ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። ተስፋ ቆርጣ ልጇን ይዛ የተመለሰች እናት ቻርት የላትም። እናቶችን ነርስ ፊት አትጠይቁ፤ ሊወጡ ሲሉ ጠይቋቸው። ሌሊትም ግቡ። እኛ ጋ ሌሊት የሕፃናት ትሪያጅ ላይ ያለችው ነርስ የአዋቂ ድንገተኛንም ደርባ ትይዛለች። ይህን ጽፌ ነበር፤ ከሪፖርቱ ማጠቃለያ ተቆርጦ ወጣ። ይመለስልኝ ብዬ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።