ጌንት ስትሄዱ መኪናውን እቤት ተዉት

ቤልጂየም የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ብሩዥ ውሰዱኝ ይላል። ብሩዥ ቆንጆ ናት፣ አልክድም። ግን ያላችሁ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ እኔ ጌንት ሂዱ ነው የምለው። ብሩዥ መሀል የሚያጋጥማችሁ ሰው አብዛኛው እንደናንተው ጎብኚ ነው። ጌንት ግን ተማሪው በሳይክል ወደ ክፍል ይከንፋል፣ ሰዉ ገበያው ላይ ነው፣ ለእናንተ ብሎ የሚቆም የለም። ደስ የሚለው እሱ ነው።

ከብራስልስ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ሲንት ፒተርስ ጣቢያ ስትወርዱ "የታለ አሮጌው ከተማ?" ማለታችሁ አይቀርም፤ መሀሉ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እግራችሁ ካልሰነፈ ይኬዳል። ካልሆነ ቁጥር 1 ትራም ይዛችሁ መሀል ያለው አደባባይ፣ ኮረንማርክት፣ ውረዱ። የባንክ ካርድ ማሽኑ ላይ ጠጋ ማድረግ ይበቃል።

መኪና ግን ይቅርባችሁ። ከተማዋ በ2017 (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) መሀሏ ያለውን የእግረኛ ክልል አሰፋች፣ ዙሪያውን ደግሞ ስድስት ቦታ ከፋፈለችው፣ ስለዚህ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በመኪና ለመሻገር፣ እዚያው ጎረቤት እንኳ ቢሆን፣ እስከ ቀለበት መንገዱ ወጥቶ ዞሮ መግባት ግድ ነው። ካሜራውም ቀልድ አያውቅም። ብስክሌት ይሻላል። ብቻ የትራም ሐዲድ ስታገኙ ቀጥ ብላችሁ ተሻገሩት፤ ጎማው ሐዲዱ ውስጥ ከገባ አለቀ፣ መሬት ናችሁ።

ሲንት ሚሂልስ ድልድይ ላይ ቁሙ። የከተማዋ ሦስት አሮጌ ማማዎች በአንድ መስመር ይታያሉ፤ መካከለኛው፣ ጫፉ ላይ ዘንዶ ያለበት፣ የደወሉ ማማ ነው፣ አሳንሰር አለው። የግራቨንስቴይን ግንብም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ጊዜ ካጠራችሁ ግንቡን ከውጭ አይታችሁ እለፉት።

የማይታለፈው ሲንት ባቮ ካቴድራል ያለው የቫን አይክ ወንድማማቾች ሥዕል ነው። በ1432 ነው ያለቀው። መሀሉ ላይ የራእየ ዮሐንሱ በግ መሠዊያ ላይ ቆሟል፣ ከደረቱ የሚፈሰው ደም ጽዋ ውስጥ ይገባል። ኋላ የተደረበበት ቀለም በቅርብ ዓመታት ሲነሳ የበጉ የቀድሞ ፊት ወጣ፤ ዓይኖቹ የሰው ይመስላሉ፣ ፊት ለፊት ያፈጡባችኋል። ወደ ሥዕሉ ታች ግራ ጥግ ደግሞ እዩ። ያ ክፍል ቅጂ ነው። ዋናው በ1934 ተሰርቆ እስከ ዛሬ አልተገኘም። መግቢያው በክፍያ ነው፣ ሰዓት አስቀድማችሁ ያዙ።

የጾም ቀን ቢሆንባችሁ አትጨነቁ። ከተማዋ ከ2009 ጀምሮ ሐሙስን ከሥጋ ነጻ ቀን ብላ የያዘች ናት። እኛ ረቡዕና አርብ፣ እነሱ ሐሙስ! አትክልት ብቻ የሚሠሩ ምግብ ቤቶች ሞልተዋል፣ ግን ቅቤና እንቁላል እንዳለው ጠይቁ።

ግሩንተንማርክት አካባቢ በጋሪ የሚሸጥ፣ አፍንጫ የሚመስል፣ ቀለሙ ወይን ጠጅ የሆነ ከረሜላ አለ። ላዩ ጠንካራ፣ ውስጡ ሽሮፕ ነው። እዚያው ብሉት። ለአገር ቤት ስጦታ ብላችሁ እንዳታከማቹ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ውስጡ ይደርቃል።